ቀይ ቀሚስ በጥቁርና ነጭ

ሐዋሳ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ጉራ ነው የሚል ካለ ጉራ ይሁን፤ እውነትነቱ ግን አይቀርም። ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በወጣትነቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ። የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ማስታወቂያው፣ ቲኬቱ፣ የተቆጣጣሪው ስድብ ሳይቀር። አንድ መንገደኛ ወንበር ላይ ረስቶት የሄደ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር በመጨረሻዎቹ ፊደሎች የሚጀምሩትን ቃላት ከሰው አፍ ለቅሜ ሞላሁት። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች በሙሉው መዝገበ ቃላት ያልደረሱበት ቦታ እኔ በጎዶሎው ደርሻለሁ።

ሐዋሳ የመጣሁት ለፋብሪካ ሥራ ነው። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። ያኔ ነው የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ የሆንኩት።

ቪዲዮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ የቀን ብርሃን እንዳያስገቡ በብርድ ልብስ የተጋረዱ። ባለቤቱ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ወፍራም ሰው ነው። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማይክሮፎን ይዤ፣ ፊልሙን በአማርኛ እናገራለሁ። ሽማግሌውም፣ ሙሽራዋም፣ ሽፍታውም፣ ፈረሱም እኔ ነኝ። በሌሎች ቪዲዮ ቤቶችም ተርጓሚዎች ነበሩ። እነሱ ግን ሰው ሲደባደብ «በለው!»፣ ሰው ሲሳሳም «ኧረ በስመ አብ!» ከማለት ያለፈ አያውቁም። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ለመስማት ነበር። ቅጽል ስሜም «ፈረንሳዩ» ነበር። አልጠላሁትም።

ስለ አንድ ፊልም ልጽፍ ነው የተነሳሁት። ብዙ ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ነገር ነው።

በሐይቁ ዓሣ ላይ ጥናት የምታደርግ አንዲት ፈረንሳዊት ነበረች። ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር የምታወራው በእኔ አፍ ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ካርቶን ሰጠችኝ። ውስጡ የወጥ ቤት ዕቃ፣ የመጽሔት ክምርና አንድ የቪዲዮ ካሴት ነበር። ካሴቱ በጦርነት ጊዜ ስለሆነ ነገር የተሠራ የፈረንሳይ አስቂኝ ፊልም ነው። እሷ በጣም ትወደው ነበር። «አንተ ብቻ ነህ እዚህ አገር የሚገባህ» አለችኝ። ትክክል ነበረች።

ካሴቱን ከባለቤቱ ጋር ለሙከራ ስናስገባው ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ተበልተናል» አለ ባለቤቱ። «ይኼ የጃንሆይ ጊዜ ፊልም ነው። ማን ያይልሃል?»

«ፊልሙ ባለቀለም ነው። የፈረንሳይ ካሴት በእኛ ማጫወቻ ላይ ቀለሙን አይሰጥም። አሠራሩ ይለያያል።»

«ታዲያ ቀለሙን ከየት እናመጣለን? አንተ ልትቀባው ነው?»

«አዎ» አልኩት። «በአፌ እቀባዋለሁ።»

እንዳልኩትም አደረግኩ። ከመጽሔቶቹ በሦስቱ ውስጥ ስለዚያ ፊልም የተጻፈ ሂስ ነበር። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ አንድ ሳምንት ሙሉ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው ሐያሲ ስለ ውበቱ ነው የጻፈው። የሴትየዋ ቀይ ቀሚስ ረጅሙን የሆቴል ኮሪደር አቋርጦ ሲሄድ እሳት እንደሚመስል፣ የልጇ ፀጉር ቀይ፣ የሌባው ፀጉር ደግሞ ቡናማ እንደሆነ፣ ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የሻይ ሲኒው ሳይቀር ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ዘርዝሯል። ሁለተኛው ሐያሲ ተናዷል። በእነዚያ መንገዶች ዳር የአገራችን ሰው ወድቆ ቀርቷል፤ ይህ ፊልም በዚያ ሬሳ ላይ ሽቶ ረጨበት ይላል። ሦስተኛው በልጅነቱ በዚያው መንገድ የተሰደደ ሽማግሌ ነው። ያኔም እንስቅ ነበር፤ መሳቅ ካቆምን ዞር ብለን ማየት ይኖርብን ነበር ይላል። ሦስቱ በሌላው ሁሉ ቢጣሉም ሁሉም የጻፉበት አንድ ቦታ አለ። እመለስበታለሁ።

የፊልሙ ታሪክ ይህ ነው። ጠላት እየገሰገሰ ነው። ሚኒስትሩ፣ ነጋዴው፣ ተዋናይቷ፣ ሌባው፣ ሁሉም ከዋናው ከተማ ሸሽተው በባሕር ዳር አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተፋፍገዋል። ባለ ቀይ ቀሚሷ ወይዘሮ በፊልሙ መጀመሪያ ካፖርት አልብሳ የሸኘችው አንድ ልጇ ግንባር ላይ ነው። በየጠዋቱ ወደ እንግዳ መቀበያው ወርዳ «የልጄ ደብዳቤ?» ትላለች። አንድ ቀን ቴሌግራም ይመጣል። ልጁ ሞቷል። አስተናጋጁ ሊነግራት አልቻለምና ቴሌግራሙን በሚኒስትሩ ኪስ ይከተዋል። ሚኒስትሩ ሲያገኘው ደንግጦ በነጋዴው ኮት ውስጥ ይደብቀዋል። ነጋዴው ለቄሱ፣ ቄሱ ለተዋናይቷ፣ እንዲህ እያለ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል። እሷ በአንዱ በር ስትገባ ሁሉም በሌላው በር ይወጣሉ። ስታናግራቸው ስለ አየሩ ያወራሉ። ሆቴሉ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

የሐዋሳ ሰው በዚህ ምን ያህል እንደሳቀ መግለጽ ያስቸግረኛል። መርዶ የሚፈራ ሰው ሁሉ ራሱን አየ። የሞተበት ሰው በራፉ ላይ ቆሞ «ምነው ዛሬ ሁላችሁም አንገታችሁን ደፋችሁ?» ሲል «አይ፣ ብርዱ ነው» የሚል ጎረቤት የሌለው ማን አለ? አንድ እግሩን ግንባር ላይ ትቶ የመጣ የቀድሞ ወታደር ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። በክራንቹ መሬቱን እየደበደበ «ይኼ የእኛ ሰፈር ነው! ይኼ የእኛ እድር ነው!» እያለ ይጮሃል።

በመጨረሻ ቴሌግራሙ እጇ ይገባል። ታነበዋለች። በዚያው ቅጽበት በሩ ይከፈትና የልጇን ካፖርት የለበሰ ወጣት ይገባል። ግንባሩና ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ወታደሮች እያሳደዱት ነው። ሴትየዋ «ልጄ!» ብላ ትጮህና ታቅፈዋለች።

በመጀመሪያው ቀን እኔም «ልጄ!» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ፣ ከሆዴ፣ እንደ እናት። ቤቱ ፈነዳ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ ሁለቱ ኋላ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ተገለበጡ። ማይክሮፎኑን ብበላው እንኳ የሚሰማኝ አልነበረም።

በዚያ ጩኸት መካከል፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሴትየዋ አፏን ወደ ወጣቱ ጆሮ አስጠግታ ታንሾካሽካለች። ሦስቱ ሐያሲዎች የጻፉበት ቦታ ይህ ነው።

«ካፖርቱን ከማን ላይ ወሰድከው?» ትላለች።

«ከሞተ ሰው ላይ። መንገድ ዳር። በርዶኝ ነበር።»

«እንግዲያው ሳቅ» ትላለች። «እያዩን ነው።»

ይስቃሉም። ወታደሮቹ እናትና ልጅ መስለዋቸው ይሄዳሉ። ፒያኖው ይጀምራል፤ ሁሉም ይጨፍራሉ፤ ፊልሙ ያልቃል። የገባው ቀደም ብሎ ከሆቴሉ የተሰወረው ሌባ ነበር። ፊልሙን በቀለም ያየ ሰው ፀጉሩ ቡናማ ስለሆነ ወዲያው ያውቀዋል። በእኛ ቴሌቪዥን ግን ቀዩም ቡናማውም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ሰው ያወቀው ካፖርቱን ነው።

እኔ አውቅ ነበር። የፈረንሳይኛዬ ጉዳይ እንዳይጠረጠር ይህን በግልጽ እጽፋለሁ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻታለሁ። እልልታው ሲበርድ ልናገር ማይክሮፎኑን አነሳሁ። ሰዎቹን አየኋቸው። የድንበሩ ጦርነት ካለቀ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በየአግዳሚው ላይ ልጅ፣ ወንድም፣ ባል የሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። ማይክሮፎኑን መልሼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የመጣው ሰው ሁለት እጥፍ ሆነ። የመጣውም ለዚያች እልልታ ነው። ከዚያ በኋላ ለመናገር ጊዜው አልፎ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማው የሚከራከረው ስለዚህ ፊልም ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። በበሩ ላይ ባለው ኮምፔርሳቶ ላይ የሦስቱን ሐያሲዎች ሐሳብ ተርጉሜ በትልልቁ ጽፌ ለጠፍኩ። ሹክሹክታዋን ግን ዘለልኳት። ከሥሩ የራሴን ሂስ ጨመርኩ፦ «ይህ ፊልም የሳቅ ልብስ የለበሰ ለቅሶ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ የኮሌጅ መምህር ለተማሪዎቹ እንዳስገለበጣት ሰምቻለሁ። መምህሩ ግን ፊልሙን ክፉኛ ይቃወም ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ጽሑፌን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«እንደ ሁለተኛው ሐያሲ ነው የማስበው» አለኝ። «የስንቱ ልጅ ገና ከግንባር ሳይመለስ በጦርነት ማሳቅ ነውር ነው። እርስዎ ደግሞ ትልቅ ሰው ነዎት።»

እኔ ሳልመልስ ወታደሩ ከአግዳሚው ተነሳ።

«መምህር፣ እኛ ምሽግ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስናለቅስ የምንውል ይመስልሃል?»

«እሱን አላልኩም።»

«እግሬ የተቆረጠች ቀን ጓደኛዬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹አይዞህ፣ ከእንግዲህ አንድ ጥንድ ካልሲ ሁለት እጥፍ ዕድሜ ይኖረዋል› አለኝ። እዚያው ደሜ እየፈሰሰ ሳቅኩ።»

«ጓደኛህስ አሁን የት ነው?»

ወታደሩ ክራንቹን አነሳና ገባ። መምህሩም ተከትሎት ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። የመጨረሻዋ ትዕይንት ስትደርስ በዓይኔ አየሁት፤ መምህሩም አጨበጨበ።

አሁን ይህን ነገር እንድሸሸው ወዳደረገችኝ ሴት ልምጣ።

ታቦር ተራራ ሥር ጎረቤቴ ነበረች። ከሐዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ሰው ናት፤ አማርኛዋ ከሲዳምኛ በኋላ የመጣ ስለሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው የምትናገረው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ታጸዳለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ተመዝግቦ ወደ ሰሜን ሲሄድ እዚያ ብርድ ነው ሲሏት ሰምታ፣ ክር ገዝታ፣ ወፍራም ሹራብ በእጇ ሠርታ አልብሳው ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው ላይ «እማ፣ ሹራቡን ሁሉም ቀኑብኝ» ብሎ ጽፏል። ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም።

ቤተ ክርስቲያኗ ጸሎት የሚበዛበት፣ ቪዲዮ ቤት የማይወደድበት ነው። ስለዚህ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ በጨለማ ትገባና መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ መብራት ሳይበራ ትወጣለች። በሌላ ነገር የማትዋሽ ሴት ናት። በመጀመሪያ የሰማችው እልልታውን ነው፤ ከመንገድ። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ትመጣ ነበር። የምትገባው ቴሌግራሙ ሲዞር ነው፤ የምትወጣው ልጁ ሲታቀፍ።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ እህቴ።»

«ሴትየዋ ልጇን ስታቅፍ አፏ ይንቀሳቀሳል። የልጁም። እርስዎ ግን ዝም ይላሉ።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህን ያየች እሷ ብቻ ነበረች። መምህሩ አላየም። ባለቤቱ አላየም። እንዲህ ያለ ተመልካች በማግኘቴ መኩራት ነበረብኝ።

«እየጸለየች ነው» አልኳት።

«ምን ብላ?»

«ስለመለስክልኝ አመሰግንሃለሁ ብላ።»

«ልጁስ?»

«አሜን ይላል።»

ራሷን ነቀነቀች። የዓሣ ቅርፊት የደረቀበትን መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። «እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ጾም መያዟን ሰማሁ።

ትንሽ ቆይቶ የሰፈሩ እድር ዳኛ አስጠራኝ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ደብዳቤ ሲያድል የኖረ። እቤቱ ስደርስ ወታደሩም ተቀምጧል። ዳኛው በሩን ዘጋው።

«ወረቀቱ መጥቷል» አለ። «የእሷ ልጅ። ከጦርነቱ ማለቂያ በፊት ነው ያረፈው።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሦስት ቀን ሆኖናል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በአገሩ ወግ በማለዳ ሄደን ልንነግራት ነበር። ግን ሚስቴ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች ብትሞክራት ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? ‹ወረቀት ቢመጣም ወረቀት ይሳሳታል። ፊልሙ ላይ በዓይናችን አይተናል እኮ› አለቻት። እንዲህ እያለች ብንነግራት አታለቅስም። ለቅሶ አትቀመጥም። እዚያ አሞራ ገደል ዓሣ እያጸዳች ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ ስታይ ትቀራለች።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

«የፊልሙ ልጅ መመለሱን አንተ ነህ የነገርካት። መጨረሻው ሌላ ከሆነ ንገራት።»

«ሌላ ነው ያለው ማን ነው?»

ወታደሩ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲያየኝ ቆየና «ፈረንሳዩ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ከሬሳ ላይ የተወሰደ ካፖርት አውቃለሁ። ሰው የራሱን ልብስ እንዲያ አይለብስም፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። ዝም ያልኩት እኔም እልልታውን ስለወደድኩት ነው። አሁን ግን ቴሌግራሙ ያንተ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።»

ተቆጣሁ። ይህን አልደብቅም። ዲግሪ የለኝም፣ ርስት የለኝም፤ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ፈረንሳዩ ያለው ልክ ነው መባሌ ነው አልኳቸው። ነገ ከተማው ሁሉ ወሩን ሙሉ ሲዋሸን ከረመ ሊል ነው አልኳቸው። ዳኛው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ፖስተኛ ሳለም እንዲህ ነበር፤ ሰው ሲጮህበት ደብዳቤውን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«ስምህን ማንም አይነካውም» አለ በመጨረሻ። «ለእሷ ብቻ ንገራት።»

በዚያው ቀን ማታውን ሳልጠብቅ ቤቷ ሄድኩ። ስለ ልጇ ምንም አላነሳሁም። «የሴትየዋን ጸሎት በደንብ አልተረጎምኩልሽም። ነገ ወደ ሐይቁ ከመውረድሽ በፊት ነይ፤ ሰው በሌለበት አሰማሻለሁ» አልኳት። እሺ አለች። ደስ ብሏት ነው እሺ ያለችው፤ ይህን ነው የማልረሳው።

ጠዋት ከባለቤቱ ቁልፉን ተቀብዬ ከፈትኩ። እሷ ዓሣ የምታጸዳበትን ቢላ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ልትሄድ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማይክሮፎኑን አላበራሁም። ቴሌግራሙ ኪስ ለኪስ ሲዞር ሁለታችንም አልሳቅንም። ያለ ሰው ሳቅ ያ ሁሉ ሩጫ፣ ያ ሁሉ በር መክፈትና መዝጋት ምን ያህል እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ሁሉም ፊታቸው ገርጥቷል። ሁሉም ከአንዲት ሴት እየሸሹ ነው።

በሩ ተከፈተ። ወጣቱ ገባ። «ልጄ!» አላልኩም፤ ሴትየዋ በራሷ ቋንቋ ጮኸች። ከዚያ አፏ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ተናገርኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ አንድም አልቀነስኩም።

ፒያኖው ሲጀምር «መልሰው ያጫውቱት» አለችኝ።

መለስኩት። እንደገና ተናገርኩ። ሦስተኛም ጊዜ መለስኩት። በሦስተኛው ላይ ከእኔ ቀድማ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ቃላቱን ስትል አየኋት። ማጫወቻውን አጠፋሁት። ከውጭ ሳል ተሰማ። የእድሩ ዳኛ ሳል ነው። መርዶውን ሊነግሩ የመጡት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። እሷም ሰማች። ወደ በሩ አላየችም።

«ቀሚሷ ቀይ ነው ያሉትስ?» አለችኝ።

«ቀይ ነው። እሱ እውነት ነው።»

«ያ ልጅ፣ የሞተው፣ ካፖርቱን የወሰዱበት... ሞቶ ነው የወሰዱበት?»

«ሞቶ ነው ይላል።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ አልበረደውም።»

«አልበረደውም።»

አሁን ዞራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ይህን ፊልሙ ነው የሚለው፣ ጋሼ፣ ወይስ እርስዎ ነዎት?»

«ፊልሙ ነው» አልኳት። «ሌባው ነው የሚላት። ከመሳቋ በፊት።»

ቢላዋን ከጨርቁ ጋር ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። «ይግቡ በላቸው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «አንተ» ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በሩን ከፈትኩና ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ቤት ከወጣው እልልታ ሁሉ ይበልጥ ነበር። መርዶ በቪዲዮ ቤት ሲነገር በሐዋሳ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይመስለኛል።

ፊልሙን ከዚያ በኋላ አላሳየንም። ባለቤቱ ለምን ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ካሴቱ ተበላሽቷል አልኩት፤ በከፊል እውነት ነበር፤ ያቺ ቦታ ከመመላለስ ብዛት ነጭ መስመር አውጥታ የሴትየዋ አፍ አይታይም ነበር። ተርጓሚነቱንም ብዙ ሳልቆይ ተውኩት። እሷ ለቅሶዋን ተቀመጠች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ስታገኘኝም እንደ ቀድሞው «እርስዎ» ትለኝ ነበር። ስለ ፊልሙ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። አንዳንዴ ብርድ በሆነበት ማለዳ ሐይቁ ዳር ሳገኛት፣ እጇ ዓሣው ላይ እያለ ቀና ትልና ታየኛለች። ያን ያህል ብቻ ነው። እኔ ግን ዓይኗን መቋቋም አልችልም ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ቪዲዮ ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተው ሰው ፊልም በስልኩ ማየት ሲጀምር፣ ያ መምህር ፊልሙን በኮምፒውተር አገኘሁት ብሎ ቤቱ ጠራኝ። ፀጉሩ ሸብቷል። «ያኔ ያዩትን በቀለም ይዩት» አለኝ። ቀሚሷ ቀይ ነው። ሐያሲው እንደጻፈው፣ እኔም እንደቀባሁት፣ ኮሪደሩን እሳት ሆኖ ያቋርጣል። አንዲት ቀለም አልተሳሳትኩም። ሌባው በሩን ከፍቶ ሲገባ መምህሩ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ይኼ እኮ ልጇ አይደለም!» አለ። «ፀጉሩን ይመልከቱት እንጂ! እንዴት እስከዛሬ...» ወደ እኔ ዞረ።

በእጄ ዝም እንዲል አደረግኩት። ሹክሹክታዋ እየመጣች ነበር። ጆሮዬ ደክሟልና ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋሁ። እያንዳንዷን ቃል ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም እንደ አዲስ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባለችው አጭር ዝምታ ውስጥ ሌባው ያን ነገር ይላት እንደሆነ አደመጥኩ። አልበረደውም፣ እመቤቴ። እንዲህ ይላት እንደሆነ።

አላላትም። ሳቀች፤ ሳቀ፤ ፒያኖው ጀመረ።

ጎረቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ይህን ለመጻፍ እስከዚያ ጠብቄያለሁ።